ኮፕተርና ቆጶስ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች ማኪያቶ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ እንግሊዝኛ የሚያስጠና ወጣት ነው፤ ሌላው አዛውንት መሪጌታ። ከአናታቸው በላይ ሄሊኮፕተር እየተንደቀደቀ አለፈ። ወጣቱን አስተማሪነቱ አለቀቀውም፤ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ «ሄ፣ ሊ፣ ኮፕ፣ ተር! አራት ቀለም» አለ።

«ይሄ ንባቡ ነው። ምሥጢሩስ የት ላይ ይከፈላል?»

«ሄሊ ሲደመር ኮፕተር።»

ስልኩን ከፍቶ ቢያይ ጉድ ፈላ። ቃሉን በ1861 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ፈረንሳዊው ጉስታቭ ደ ፖንቶን ዳሜኩር ነው። ከግሪክ «ሄሊኮ»ን ወሰደ፣ ጥምዝ ማለት ነው፤ «ፕቴሮን»ን ጨመረበት፣ ክንፍ። የእንግሊዝ ምላስ ግን በ«ፕት» ቃል መጀመር አይሆንለትም። ንጉሥ በጥሊሞስን እንኳ በ«ፕ» ጽፎ «ቶለሚ» ብሎ ያነበዋል። (የኛዎቹ ቢያንስ «በ» አድርገው አተረፉለት።) ስለዚህ «ፕ» ወደ ግራ ጎረቤቷ ተጠጋች፤ ቃሉም ያለቦታው ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ሄሊፖርት፣ ሄሊፓድ፣ ሰርግ የምትቀርጸው ኳድኮፕተርም ተወለዱ። «ኮፕተር» ብቻውን ቢተረጎም የጥምዝ ጭራ ከነክንፉ ነው።

መሪጌታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ኤጲስ ቆጶስስ፣ መሪጌታ?» አለ ወጣቱ።

ሳቁ ቆመ። ግሪኩ «ኤፒስኮፖስ» ነው፤ «ኤፒ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች። «ስ» የቀኙ ነበረች፤ እኛ ለግራው ሰጠናት። ጰና ፐ ፊደላችን ውስጥ የተገኙት በአመዛኙ እንዲህ ላሉ እንግዶች ቢሆንም፣ እንግዳው ከመግባቱ ለሁለት ተከፈለ። ሲበዛማ «ኤጲስ ቆጶሳት» ነው፤ ቆጶስ የሚባል ሰው ያለ ይመስል! በ1921 ዓ.ም. እነ አቡነ ጴጥሮስ ሲሾሙም ማዕረጉ ከነስንጥቁ ነበር።

«ብራና ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም» አሉ መሪጌታ። «መስመር ካለቀበት ጸሐፊው ያሻው ፊደል ላይ ቆርጦ ይወርዳል። ሁለት ነጥብ እስኪመጣ ቃሉ አላለቀም።»

ወጣቱ በሰሜን በኩል ወደ እንጦጦ ጠቆመ። እዚያ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። «እዚያ እንኳ ስኮፖስ ከነ‹ስ›ው አለ፤ ቴሌ ማለት ሩቅ ነው።»

«ይበሉት እስቲ፣ ቀስ ብለው» ሲላቸው መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቴሌስ... ኮፕ።»