ለባላንጣው የታመነ

በዘመናችን ከተነሡት ጥበባት ሁሉ መምህር ሳይቀጠርለት፣ ጉባኤ ሳይዘረጋለት፣ መጽሐፍም ሳይጻፍለት በራሱ ጊዜ ወደ ፍጹምነት የደረሰ አንድ ጥበብ ቢኖር፣ የእግር ኳስ ቲፎዞ የባላንጣውን ቲፎዞ ታማኝነት የሚመረምርበት ጥበብ ነው። ሌላው ዕውቀት ሁሉ ሰውን ራስህን መርምር እያለ ሲያደክመው፣ ይህኛው ግን የራስን ልብ መመርመር ከንቱ ድካም መሆኑን አስቀድሞ ስለ ተረዳ ምርመራውን በቀጥታ ከጎረቤት ልብ ይጀምራል። ሊቃውንቱ በየአገሩ ቢገኙም በማዕረግ እንግሊዞችን የሚስተካከል የለምና፣ ምስጋናው አስቀድሞ ለእነርሱ ሊቀርብ ይገባል።

የትምህርቱ መሠረት አጭር ነው። የደጋፊ ታማኝነት የሚፈተነው ክለቡ ወደ ታችኛው እርከን ሲወርድ ነው፤ እኛ በወረድን ጊዜ አልሸሸንም፤ እናንተ ግን ብትወርዱ ትበተናላችሁ፤ ወርዳችሁ ሳትበተኑ ቀርታችሁ እንደ ሆነም መሄጃ ስላጣችሁ ነው እንጂ ፍቅር ኖሯችሁ አይደለም። በዚህ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ተከሳሹ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንዳልተተወለት አንባቢ ልብ ይበል። ቢሸሽ ከሃዲ ነው፤ ቢቆይ መሄጃ ያጣ ነው፤ ክለቡ ከነጭራሹ ካልወረደ ደግሞ ያልተፈተነ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ምሥጢር ግን ይህ ነው፦ መውረድ የሰማዕትነት አክሊል የሚያስገኝ ከሆነ፣ መርማሪው ሌሊትና ቀን ባላንጣው እንዲወርድ መጸለዩ ለጠላቱ አክሊል መለመኑ ነውና፣ እንዲህ ያለ ፍቅረ ቢጽ በቅዱሳን ገድል እንኳ በብዛት አይገኝም።

ነገሩን በማንቸስተር እንጀምረው። በ1974 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው፤ መከራውም የእነርሱ ነውና) በኤፕሪል ወር መጨረሻ፣ ለማንቸስተር ዩናይትድ ዐሥራ አንድ ዓመት ተሰልፎ የኖረው ዴኒስ ሎው የማንቸስተር ሲቲን ማልያ ለብሶ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ተመለሰና ኳሷን በተረከዙ ገፍቶ ከመረቡ አገባት። ሲቲ 1 ለ0 አሸነፈ፤ ዩናይትድም ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። የዚያን ቀን የሌሎች ሜዳዎች ውጤት ሲታይ ያች ግብ ባትቆጠርም ዩናይትድ መውረዱ አይቀርም ነበር፤ ሎውም አንገቱን ደፍቶ እንጂ ፈንድቆ ከሜዳ አልወጣም። ይህን ለሲቲ ሰው መንገር ግን፣ የባሕረ ኤርትራን መከፈል ለሚተርክ መምህር የውኃውን ጥልቀት በክንድ ለክቶ እንደ ማስረዳት ይቆጠራል። ገድል የሚጻፈው ለነፍስ ጥቅም ነው እንጂ ለሂሳብ አይደለም።

የዩናይትድ ሰው በበኩሉ የዚያን ውርደት ወረቀት እስከ ዛሬ በደረት ኪሱ ይዞታል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲጫወት ሜዳውን የሞላው ሕዝብ በአማካይ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ክለቦች ሁሉ ይበልጥ ነበርና። የሲቲ ሰውም የራሱ ወረቀት አለው። በ1998 ክለቡ እስከ ሦስተኛው እርከን በወረደ ጊዜ በአማካይ ከ28 ሺህ የማያንስ ሰው ተከትሎታል፤ በሜይ 1999 ዩናይትድ በባርሴሎና የአውሮፓን ዋንጫ አንሥቶ የዓመቱን ሦስት ዋንጫዎች ባሟላ በአራተኛው ቀን፣ ሲቲ በዌምብሊ ከጊሊንግሃም ጋር ገጥሞ 2 ለ0 ተመርቶ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አቻ ሆኖ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ከጥልቁ ወጣ። እነሆ ሁለት ሰማዕታት በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ዕለታዊ ተግባራቸውም አንዱ የሌላውን ቁስል ቀለም ነው እያለ መክሰስ ነው።

ኋላ ሲቲ በአቡዳቢ ባለጸጎች እጅ ገብቶ ዋንጫ እንደ ዝናም ሲወርድለት፣ ክሱ ከመከራ ወደ ወንበር ተዛወረ። በዚህ ጊዜ ነው አንድ አዲስ የትርጓሜ ትምህርት የተከፈተው፤ ይኸውም የባዶ ወንበር አንድምታ ነው። ሊቁ በቴሌቪዥኑ መስኮት በኩል አንድ ባዶ ወንበር ያያል፤ ወዲያውም ይተረጉማል። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምነው ቢሉ፣ ሰውየው በድል ጊዜ የመጣ ነውና ድል ሲሰለቸው ቀረ። አንድም፣ ፊትም ሰው አልነበረበትም፤ ክለቡ ቁጥር ለማብዛት ተሸጠ ብሎ ጻፈ እንጂ። አንድም፣ ሰው ነበረበት፤ ነገር ግን ሽንት ቤት ሄዷል ይላሉ፤ ይህ የመናፍቃን ትርጓሜ ነውና አይጻፍም። ወንበሩ ሞልቶ ቢገኝስ ቢሉ፣ የተቀመጠው ጎብኚ ነው፤ አንድም፣ ቲኬቱን በነጻ የተቀበለ ነው። ሊቁ በዚህ ዓይነት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሰው ወንበር ሲተረጉም የራሱ ክለብ በሌላ ሜዳ ግብ ተቆጥሮበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ከጨዋታው በኋላ ከሰው ይሰማዋል።

የሰሜን ምሥራቁ ሀገረ ስብከት ከዚህ የጠለቀ ነው። ኒውካስልና ሰንደርላንድ የሚራራቁት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሜይ 24 ቀን 2009 ኒውካስል በአስቶን ቪላ ሜዳ 1 ለ0 ተሸንፎ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ በዚያው ዕለት ሰንደርላንድ በገዛ ሜዳው በቼልሲ 3 ለ2 ተሸነፈ። የተሸነፈው የሰንደርላንድ ሕዝብ ግን ሲፈነጥዝ አመሸ። እውነት ለመናገር ክለባቸው ራሱ ከወራጅ ቀጠናው ለጥቂት ተርፎ ነበርና የደስታውን ግማሽ ለዚያ እንስጠው፤ የቀረው ግማሽ ግን በሌላ ከተማ ለደረሰ ሐዘን የተደረገ ድግስ ነበር። በ2016 ደግሞ ሰንደርላንድ ኤቨርተንን 3 ለ0 ሲያሸንፍ በአንድ ምሽት ራሱንም አተረፈ፣ ኒውካስልንም አወረደ፤ ጸሎት እንዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚመለስበት ቀን ብዙ አይደለም።

የጸሎቱ ፍሬ ምን ሆነ? ኒውካስል ከታች ባሳለፈው ዓመት በአማካይ ከ51 ሺህ በላይ ሰው ሜዳውን ሞላለት። ሰንደርላንድም በተራው በ2017 ወረደ፤ በ2018 ከዚያም በታች ወረደ፤ በዚያው ዓመት በገናቸው ማግስት ከብራድፎርድ ጋር በሦስተኛው እርከን ሲጫወት 46,039 ሰው ተገኘ። ሁለቱ ሕዝቦች ታማኝነታቸውን በዚህ መጠን ካስመሰከሩ በኋላ አንዱ ሌላውን ከሃዲ ማለቱን እንዲያቆም የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ትምህርቱ አልገባውም። ይልቁንስ የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ከ2016 እስከ 2025 ድረስ ሁለቱ ክለቦች በሊግ ጨዋታ ሳይገናኙ ቀሩ። ባላንጣው ይጥፋ ብሎ የተሳለው ሰው ስለቱ ሲሠምርለት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠብቀውን ታላቅ በዓል አጣ፤ ኒውካስሎችም ዘጠኝ ዓመት የሌለውን ሰው ሲሰድቡ፣ የታችኛውን ሊግ ሰንጠረዥ ከራሳቸው ሰንጠረዥ አስበልጠው ሲያነብቡ ኖሩ። የሞተበትን ባላንጣ እንዲህ በትጋት የሚያስታውስ ዘመድ ለሟች ሁሉ ቢሰጠው፣ ተዝካር የማይወጣለት ሰው ባልኖረ ነበር።

የዚህ ትምህርት ሰገነት ግን ሰሜን ለንደን ነው። በሜይ 14 ቀን 2024 ቶተንሃም በገዛ ሜዳው ማንቸስተር ሲቲን ገጠመ። ቢያሸንፍ በሚቀጥለው ዓመት በሻምፒዮንስ ሊግ የመሰለፍ ተስፋው ይቀጥላል፤ ነገር ግን ሲቲ ነጥብ ከጣለ የቶተንሃም ጎረቤት አርሰናል ለዋንጫው ይቀርባል። ከቶተንሃም ደጋፊዎች መካከል ቍጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች ይህን በሚዛን አስቀምጠው፣ የራሳቸው ክለብ እንዲሸነፍ ተመኙ፤ ሲቲ 2 ለ0 ሲያሸንፍም ከመካከላቸው የዘፈኑ ነበሩ። የቶተንሃም ተስፋ በዚያ ምሽት ተቀበረ። አሠልጣኙ አንጅ ፖስቴኮግሉ ተቆጥቶ የክለቡን መሠረት ልል ሆኖ እንዳገኘው ተናገረ። ሰውየው ያደገው በአውስትራሊያ ነውና ቀኖናውን ባለማወቁ አይፈረድበትም፤ እርሱ የተቀጠረው ቶተንሃም እንዲያሸንፍ መስሎት ነበር።

የነገሩን ሥር የፈለገ ወደ 1919 ይመለሳል። ከጦርነቱ በኋላ አንደኛው ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለቦች ሲሰፋ፣ ጦርነቱ ሊጉን ከማቋረጡ በፊት በተደረገው ውድድር መጨረሻ ላይ የተገኘው ቶተንሃም ቦታውን ለማቆየት ድምፅ ቢለምን 8 አገኘ፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ከፍተኛ ደረጃ ያልነበረው አርሰናል ግን 18 ድምፅ አግኝቶ ገባ። ቶተንሃም በዓመቱ አሸንፎ ቢመለስም፣ ድምፁን የሰጠም የተነፈገም አንድ ሰው በሕይወት ሳይቀር፣ የልጅ ልጆቻቸው ነገሩን ዛሬ ማለዳ እንደ ተፈጸመ አድርገው ይተርኩታል። አርሰናል በበኩሉ ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ደጋፊው በትምህርቱ ሕግ ገና ያልተጠመቀ ንዑሰ ክርስቲያን ነው። ይህም ንዑሰ ክርስቲያን በ2025 የሰንጠረዥን ንባብ ከታች ወደ ላይ ጀምሮት ነበር፤ ቶተንሃም በ38 ነጥብ 17ኛ ሆኖ፣ ከወረዱት ከሌስተር፣ ከኢፕስዊችና 12 ነጥብ ብቻ ካገኘው ከሳውዝሃምፕተን በላይ ተንጠልጥሎ ጨረሰ። ነገር ግን ያው 17ኛው ክለብ በቢልባኦ 15ኛውን ማንቸስተር ዩናይትድን አሸንፎ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የአንባቢው ዓመት ሙሉ ጥናት በአንድ ምሽት ገደል ገባ።

በዚህ ሁሉ መካከል ክለብ ሲወርድ በእርግጥ የሚወርደው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ስመ ጥሩ ተጫዋች ወደ ሌላ ክለብ ይዛወራል፤ አሠልጣኙ ካሣውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ገቢ ሲጎድል ሥራውን የሚያጣው ቲኬት የሚቆርጠው፣ በወጥ ቤት የሚሠራው፣ ሣሩን የሚያጭደው ሰው ነው። ይህ ሰው በባላንጣው መዝሙር ውስጥ ስሙ ስለማይጠራ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ትምህርቱ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ እዚህም ከምንጩ ይልቅ ጠርቷል ለማለት እደፍራለሁ። የዲኤስቲቪ አዳራሽ መግቢያ ከፍሎ በአግዳሚ ላይ የተደረደረ የአርሰናል ቲፎዞ ከጎኑ የተቀመጠውን የዩናይትድ ቲፎዞ ‹‹አንተ የዋንጫ ወዳጅ እንጂ የክለብ ወዳጅ አይደለህም›› ሲለው ይሰማል። ሁለቱም ከሜዳው ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ሁለቱም ክለባቸውን የመረጡት በቴሌቪዥን ሲያሸንፍ ባዩት ሰሞን ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሌላውን የድል እንግዳ እያለ መውቀሱ የድፍረቱን ስፋት ያሳያል። የአርሰናሉ ሰው በእርግጥ ማስረጃ አለው፤ ከ2004ቱ ዋንጫ በኋላ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሙሉ ሊጉን ሳያነሣ ታግሦ ኖሯልና፣ ጾሙን ከመውረድ ጋር ይቍጠሩልኝ እያለ ያመለክታል። የዩናይትዱ ሰው አቤቱታውን በሳቅ ይመልስለታል፤ የራሱ ክለብ 15ኛ ከሆነ ወዲህ ግን ሳቁ አጠረ።

እነዚህ ሁለት ሊቃውንት የማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ስንት ባዶ ወንበር እንዳለው በቃላቸው ያውቃሉ። የአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ግን ደረጃውን የሚያሟላ ሜዳ በማጣቱ ከ2021 ጀምሮ ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር፣ በባዶ ወንበር መካከል ሲጫወት እንደ ኖረ ብትነግሯቸው፣ ለሌላ ሰው የሚነገር ዜና አድርገው ያደምጧችኋል። ወንበሩ የባላንጣ አይደለምና አንድምታ አልወጣለትም።

ስለዚህ ለክለብ አስተዳዳሪዎች ሁሉ በትሕትና አንድ ማመልከቻ አቀርባለሁ። የራሳችሁ ደጋፊ ቡድኑ ሲሸነፍ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ በበዓል ቀን ጨዋታውን ይረሳል፤ ሲታመም ይቀራል። የባላንጣችሁ ደጋፊ ግን አንድ ጨዋታችሁ አያመልጠውም፤ የተከላካያችሁን ጉዳት ከሐኪማችሁ እኩል ያውቃል፤ ዕዳችሁን ከሂሳብ ሹማችሁ ቀድሞ ይቆጥራል፤ ስታሸንፉ እንቅልፍ ያጣል፤ ስትወርዱም ሌሊቱን ቆሞ ያነጋል። እንግዲህ የዓመቱን ቲኬት ለእርሱ በነጻ ስጡት፤ ወንበሩንም ከመካከለኛው መሥመር ፊት ለፊት አድርጉለት። በመዝገባችሁ ላይ ስሙን ስትጽፉ ግን ባላንጣ ብላችሁ አትጻፉት፤ ከእርሱ የሚበልጥ ምእመን የላችሁምና።