ደመወዝ አልባዋ መምህርት

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ሰበብ ትምህርት ቤት «ለ15 ቀን» ሲዘጋ፣ የሐይቅና የአምባሰል እናቶች ሳያመለክቱ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። 15ቱ ቀን እስከ ጥቅምት 2013 ተለጠጠ። ደመወዙ ምስጋና ነበር፤ እሱም አልተከፈለም።

መርሐ ግብሩ እንከን አይወጣለትም። ጧት የሬዲዮ ትምህርት፤ ሬዲዮውን ግን አባወራው ዜና ሊሰማበት ይዞት ወጥቷል። ቀጥሎ ሒሳብ፤ ምጣዱ ግሏልና ተማሪው ጭራሮ ያቀብላል፣ ታናሹ በደብተሩ እሳት ያራግባል። ከሰዓት ሳይንስ፤ ጎረቤቶች ለቡና መጥተዋልና ክፍሉ እስከ በረካ ድረስ ተይዟል። በቴሌግራም የተላከው የቤት ሥራ ደግሞ ስልክ ላለው፣ ስልኩም ካርድ ላለው ነው።

«ሐይቅ እኮ ጥንትም የትምህርት አገር ነው!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በእስጢፋኖስ ገዳም ስንቱን አስተምረዋል። እሳቸውን ግን በንባቡ መሃል «ወጡ አረረ!» ብሎ ቀሚስ የጎተታቸው ሕፃን የለም። ገዳሙም ሴት አያስገባም፤ ቡና ጠሪ ጎረቤት ከየት ይመጣል?

ማታ አባወራው እግሩን እየታጠበ «ዛሬስ ምን አስተማርሻቸው?» ይላል። ሱፐርቫይዘር መሆኑ ነው።