82 በመቶ ተበላሁ

ላስ ቬጋስ እየኖሩ በስልክ ቁማር መጫወት ባሕር ዳር ተቀምጦ የቆርቆሮ ዓሣ እንደ መብላት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ በታክሲዬ ቁማርተኛ ሳመላልስ ውዬ፣ ማታ ደግሞ ለመበላት ብዬ ልብስ አልቀይርም። ኔቫዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦንላይን ፖከር ሕጋዊ ስለሆነ በፒጃማ መበላት ይቻላል።

ያሳሳተኝ ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። በጥቂት ዶላር ከተጫወተው የኦንላይን ውድድር ተነሥቶ፣ በ2003 እዚሁ ከተማችን የፖከር የዓለም ሻምፒዮን ሆነና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ሄደ። እኔን ከእሱ የሚለየኝ ሒሳብ አለመቻሌ ብቻ ነው አልኩና በወር 5 ዶላር የሚከፈልበት ካልኩሌተር ስልኬ ላይ ጫንኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእጅህ ያሉትን ሁለት ካርታዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የተገለጡትን፣ ከዚያ የተጋጣሚህን ትነግረዋለህ፤ ከመቶ ስንቱን እንደምትበላ ያሰላልሃል። የተጋጣሚህን! እሱን ባውቅማ ካልኩሌተር ምን ሊያደርግልኝ? ስለዚህ እገምታለሁ። ስገምት ደግሞ ለተጋጣሚዬ ደህና ካርታ ሰጥቼው አላውቅም። እኔ ሁለት ዘጠኝ ከያዝኩ ለእሱ ሁለት ስምንት አድለዋለሁ፤ ካልኩሌተሩም ከ80 በመቶ በላይ ሰጥቶ ያስደስተኛል። ሰውዬው ለካ ሁለት ኪንግ ይዞ ነው የሚጠብቀኝ።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱ ነው። በአንዱ ስልክ እየተጫወትኩ፣ በሌላው እየጻፍኩ፣ መነጽሬን ስፈልግ ሰከንዱ ይሮጣል። አንድ ማታ «ልብ» የነበረውን «ዳይመንድ» ብዬ አስገብቼ ሳስተካክል ጊዜዬ አለቀና ኮምፒውተሩ ካርታዬን ራሱ ጣለልኝ። አንዳንድ ድረ ገጾች ጨዋታ ላይ እያሉ በእንዲህ ያለ መሣሪያ መታገዝን ይከለክላሉ። እኔን ግን እስካሁን የጠረጠረኝ የለም። አጨዋወቴን ያየ ሰው ካልኩሌተር አለው ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ባለቤቴ እዚህ እንዳሉ ብዙ ሐበሾች ካሲኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ናት፤ ቤት ከገባች በኋላ ካርታ ማየት አትወድም። አንድ ማታ ግን ሻይ እየቀዳች በትከሻዬ በኩል አየችኝ። ሁለት ልብ በእጄ፣ ሁለት ልብ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ሁለት ካርታ ይቀራል፤ አምስተኛዋን ልብ እጠብቃለሁ። እኔ ገና ስጽፍ፦

«ልብ 13 ነው። 4ቱን አይተሃል፤ 9 ቀረ። በ4 አባዛው፣ 36።»

ካልኩሌተሩ አሰበ አሰበና «35» አለ።

«አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር ደግሞ በ2 ነው የምታባዛው። በል ስኳሩን አቀብለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ለእልህ ስል ካልኩሌተሩን አልተውኩትም። ባለፈው ሳምንት፣ በአንድ ትንሽ ውድድር ላይ፣ ሁለት አስ ደረሰኝ። ሁለት አስ በ221 ዕድል አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው። ያለኝን ሁሉ አስገባሁ፤ ተጋጣሚዬም ያለውን ሁሉ አስገባ። ካርታችን ተገለጠ፤ ሁለት ኪንግ! እንዲህ ሲሆን መገመት ቀረ ማለት ነው። በፍጥነት ጻፍኩ።

«ነይማ እዪ! 82 በመቶ!»

«18ቱስ የማን ነው?» አለች ከማድ ቤት።

አራቱ ካርታዎች በሰላም ወጡ። አምስተኛው ኪንግ ሆነ።

«ይሄ ካልኩሌተር ውሸታም ነው!»

«ምን አደረገህ? 18 አለ ብሎ ነግሮሃል እኮ።»

እንግዲህ ለፖከሩ ካስገባሁት 50 ዶላር ውስጥ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቀርቶኛል። የካልኩሌተሩ የወር ክፍያ ሰኞ ነው።