ዘፋኙ የት አለ?
ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በአኮርዲዮን፣ በከበሮ ማሽንና በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ብቻውን ተጫውቶ የቀረጸው ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲታተም፣ የምዕራቡ አድማጭ «ዳውንቴምፖ» ከሚለው ምቱ የረጋ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጎን አስቀምጦ ዐይኑን ጨፍኖ ተመሰጠበት። የአገር ቤቱ አድማጭ ግን፣ መሣሪያ ብቻውን ሲሰማ ዜና ሊጀምር ነው ብሎ የለመደ በመሆኑ፣ ዘፋኙን መጠበቅ አይተውም፤ ያው ሙዚቃ ከለገዳዲ አዲስ አበባ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ቢከፈት፣ በካሴቱ ውስጥ ያለውን የ«ሸሞንሟናዬ»ን ዜማ የሚያውቀው ተሳፋሪ ግጥሙን በልቡ ሲሞላ፣ ሌላው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ለረዳቱ ያመለክታል። ሁለቱም ወገን ሙዚቃ ዐዋቂ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ሙዚቀኛው በበኩሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ በዕረፍቱ ይለማመድ ነበር።