ቀኑ የሚጀምረው በማን ጀምበር ነው?

«ጥሩ ኮድ ኮመንት አይፈልግም» ትላለህ። ይፈልጋል! ኮዱ የሠራውን ይናገር ይሆናል፤ አውቆ የተወውን ግን በምን አፉ?

ማስረጃ ካልክ፣ ጆዳ ታይም የተባለውን የጃቫ ላይብረሪ ክፈት። ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚል ክላስ አለው፤ የእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ከአናቱ ያለው ኮመንት፣ ጃቫዶኩ፣ ሁሉን ዘርዝሯል፦ 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና 5 ወይም 6፣ ከዓመት 1 በፊት የሚባል ቀን የለም። ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ከዚያ የምወደው ቃል ይመጣል፦ የኮፕት ቀን በዋዜማው ጀምበር ስትጠልቅ ይጀምራል የሚሉ ምንጮች አሉ፤ ግን አልተረጋገጠም፣ አልተሠራምም። በእኛ ክላስ ላይ «ኮፕት» ማለቱን አርምለት፤ ድፍረቱን ግን ተማርለት።

«ፈረንጅ ምን ያውቃል! እኛ ጋ ጨፋ ሮቢት መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ!»

መጣ እንበል። ማንን ይጠይቅ? ረመዳን የሚገባው ጨረቃ በታየችበት ምሽት ነው፤ ተራዊሕ ተሰግዶ ነው ፆሙ የሚያዘው። ቤተ ክርስቲያንም በዓሉን ከዋዜማው ማታ ጀምራ ትቆማለች። ሌሊት ተነስቶ ከብት ወደ ገበያ የሚነዳው ግን «ለሮብ አጥቢያ ወጣሁ» ይልሃል፤ ለእሱ ሮብ የሚሆነው ሲነጋ ነው። ኪሱ ያለው ስልክ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሮ ጨርሷል። ሁሉም ልክ ናቸው! የክላሱ ጸሐፊ አንዱን መረጠ፣ የመረጠውንም ጻፈ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

«ጃቫ ራሱ ይዞት የለም እንዴ?»

የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ጃቫ 8 የታይላንዱን፣ የጃፓኑን፣ የታይዋኑንና የሂጅራውን ቀን መቁጠሪያ ይዞ መጣ፤ የእኛን ትሪቴን ኤክስትራ ከሚባል ሌላ ላይብረሪ ታመጣለህ። ሂጅራውም ቢሆን የሳዑዲው ኡሙል ቁራ ነው፤ አስቀድሞ በስሌት የተሰናዳ። ኡሙል ቁራ መሆኑም ጃቫዶኩ ላይ ተጽፏል። ከሚሴ ቁጭ ብሎ የዒድ ቀን የሚያስታውስ አፕ የሚሠራ ልጅ ይህን ዘሎ ካለፈ፣ ጨረቃዋን በዓይኑ ከሚጠብቀው ሰው ጋር በአንድ ቀን ሊተላለፍ ይችላል።

«እሺ፣ እኔ ብጽፍስ ማን ያነበዋል?»

ከአንተ በኋላ የሚቀጠረው ነዋ! የጤና ጣቢያ መዝገብ ሠርተህ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን በየትኛው ቀን እንደሚመዘገብ በልብህ ይዘህ አዲስ አበባ ብትገባ፣ እናቲቱ «ማክሰኞ ሌሊት ነው የወለድኩት» ስትል ኮምፒውተሩ «ሮብ» ይላታል። ሁለት መስመር ነው የተጠየቅከው፦ ቀን ያልኩት ከዚህ እስከዚህ ነው፤ ይህን አላረጋገጥኩም። ጻፋት!