እባካችሁ ተነሡ፤ ክበብ ሥሩ

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ የወረቀት ኳስ ያልተወረወረበት ሰው ካለ አሳዩኝ። የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና በኳስ ይጀመራል። የቀለበው ሰው ስሙን ይናገራል፤ ከስሙ ጋር በአንድ ድምፅ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቅጽልም ከፊቱ ያስቀድማል። «ብሬቭ በቀለ»፣ «ስማርት ሰሎሞን» እየተባለ ይዞርና ኳሷ ጸጋዬ የሚባል ሰው ደረት ላይ ታርፋለች። ያኔ ነው ሥልጠናው የሚቀዘቅዘው። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማረ፣ ልጆቹን የዳረ ሰው ኳስ ታቅፎ፣ በ«ጸ» የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቅጽል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ነገሩ የውዴታ አይደለም። መመሪያው አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ያዛል። በወረቀት ላይ ስሙ «ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ» ነው፤ በመምህራን አፍ ግን ያው ሲፒዲ ነው። ማስረጃው በቦክስ ፋይል ይታቀፋል። መምህሩ ይሻሻል አይሻሻል ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ቦክስ ፋይሉ በየዓመቱ እየወፈረ መሄዱን ግን ማንም አይክድም።

ከኳሱ በኋላ ፓወር ፖይንት ይከተላል። ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የማልረሳው «አስተማሪ ትንሽ ያውራ፤ ተማሪ ብዙ ያውራ» የሚለውን ነው። አሠልጣኙ ጀርባቸውን ሰጥተውን ስክሪኑን እያነበቡ፣ አስተማሪ ብዙ ማውራት እንደሌለበት ከጧት እስከ ምሳ አስረዱን። በመሐሉ ጥያቄ የጠየቀ አንድ መምህር «እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን» ተባለ። እስካሁን አልተመጣበትም።

እኔ በበኩሌ የማልምረው ግን ፒራሚዱን ነው። ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20፣ ካየነው 30፣ እያለ ወርዶ ወርዶ፣ ራሳችን ከሠራነው 90 በመቶ እናስታውሳለን ይላል። ከሥሩ «ኤድጋር ዴል» ተብሎ ይጻፋል። እኚህ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች በጻፉት መጽሐፍ ኮን የሚመስል ሥዕል አቅርበው ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ግን አንድም በመቶኛ የለም። ቁጥሮቹን ሌሎች ሰዎች ኋላ ለጥፈውባቸው ነው። ደግሞስ እውነተኛ ጥናት መቼ ነው እንዲህ በዜሮ በዜሮ የሚያልቀው? በዜሮ ሲያልቅ የማውቀው ውሎ አበል ብቻ ነው፤ እሱም ሳይቆረጥበት።

ከዚያ ስለ ተማሪዎች ዓይነት መጠይቅ ይሞላል፦ በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር፣ በመንቀሳቀስ የሚማር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቻቸው የነበረውን ጥናት ሰብስበው ቢመረምሩ፣ ተማሪን እንዲህ ከፋፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። ወሬው ግን እኛ አዳራሽ አልደረሰም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መምህር (ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው) መጠይቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የኔ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጡና ያልተቀመጡ» አሉ።

የቡድን ሥራ ላይ ስንደርስ «ጂግሶ» መጣ። ክፍሉ በትንንሽ ቡድን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን አንድ ቁራጭ አጥንቶ ለጓደኞቹ ያስተምራል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ታሪኩን አሠልጣኙ ቢነግሩን ኖሮ ነቅተን እንሰማ ነበር። ኤሊየት አሮንሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የፈጠሩት ለቋንቋ ሲሉ አልነበረም። የጥቁር፣ የነጭና የሂስፓኒክ ልጆች ገና አንድ ክፍል ውስጥ መቀላቀላቸው ነበር፤ ጠቡ አላስተምር ብሏል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ትምህርቱን እንዳይጨርስ አድርገው ገጣጠሟቸው። እኛ የተነገረን ግን ቡድኑ ስንት ሰው እንዲይዝና ማርከሩ ምን ቀለም እንዲሆን ነው። የአንዳንዶቻችን ክፍል 70 ተማሪ አለው፤ ዴስኩ ሦስት ሦስት አስቀምጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ጋሼ እጃቸውን አውጥተው፣ ልጆቹ ቡድን ለመቀየር በየት በኩል እንደሚያልፉ ጠየቁ። እሱንም ወደ ኋላ እንመጣበታለን ተባለ።

በፍርድ እንነጋገር ከተባለ፣ ከዚህ የባሰም አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በፕላዝማ ይመጣ የነበረውን ትምህርት የቀመሰ ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ጭጭ እንዳለ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። አሠልጣኞቻችን ቢያንስ ዝም ማለታችንን ያስተውላሉ።

እውነተኛው ሥልጠና የሚጀመረው ሻይ ዕረፍት ላይ ነው። ብርጭቆ በአንድ እጅ፣ ሳምቡሳ በሌላው ሲያዝ መምህር የእጁን ሙያ ያወጣል። አንዷ ጫጫታ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዴት ዝም እንደምታሰኛቸው ትናገራለች። ሌላው 70 ደብተር ሳይሞት የሚያርምበትን ዘዴ ያካፍላል። የዚያን ቀን ያሸነፉት ግን ጋሼ ነበሩ። ክፍላቸው ውስጥ ሽንት ቤት መሄድ የሚፈልግ ሁሉ በእንግሊዝኛ መጠየቅ አለበት፤ አንዴ የተባለ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይደገምም። መስከረም ላይ ቀላል ነበር። ኅዳር ሲገባ ተራው ዐረፍተ ነገር አለቀ፤ ልጆቹ ሰዋስው መጽሐፉን በየቤታቸው ይፈትሹ ጀመር። ጥር ላይ፣ በእንግሊዝኛ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ብድግ ብሎ «ቀደም ብለው ፈቅደውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ባልተጨነቅሁ ነበር» አላቸው። ሦስተኛው ኮንዲሽናል፣ አንድም ስህተት ሳይኖርበት! «ሁለት ሳምንት አስተምሬው ያልገባው ነገር በፊኛው ገባለት» አሉ ጋሼ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

አዳራሹ ሳይሆን የሻይ ጠረጴዛው ሳቀ፤ ጻፍነው፤ አንዳንዶቻችን ሰኞ ሞከርነው፤ ሠራ። ወሬው አዘጋጆቹ ጆሮ ደረሰና በሚቀጥለው ዙር ጋሼ ራሳቸው አሠልጣኝ ሆነው ተጋበዙ። ደስ ብሎን ቀድመን ገብተን ተቀመጥን። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ላፕቶፑን ከፈቱ። የመጀመሪያው ስላይድ «ዓላማ» ይላል፤ ሁለተኛው «ዝርዝር ዓላማ»፤ ሦስተኛው «ከሥልጠናው የሚጠበቅ ውጤት»። ጀርባቸውን ሰጡንና ማንበብ ጀመሩ። ስድስተኛው ስላይድ ላይ፣ የሽንት ቤቱ ዘዴ «የተማሪ ተኮር የፈቃድ አጠያየቅ ሞዴል» ተብሎ ቀስት በቀስት ሆኖ ብቅ አለ።

ከኋላ አንድ መምህር እጁን አውጥቶ ቆመ። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ጋሼ፣ ሥልጠናው ሻዩ ላይ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ለመውጣት ፈቃድ ባልጠየቅሁ ነበር» አላቸው።

ፈቀዱለት። ዐረፍተ ነገሩ አዲስ ነው።