አዋጅ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ኩራት አያያዝ በአዲ አርቃይ የተነገረ

ሞዓ ፈተና ዘእምነገደ ስሜን፣ ሥዩመ ምደባ፤ እኛ ለክረምት ዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲያችን ተመልሰን በአዲ አርቃይ ከሻይ ቤቱ ዳስ ሥር፣ አንድ እግሩ በድንጋይ በተደገፈ አግዳሚ ወንበር ላይ በጉባኤ የተቀመጥን ተማሪዎች፣ ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ተከዜ ዳር፣ ከደባርቅ ቍር እስከ ዛሪማ ሐሩር ለምትኖሩ ወላጆች፣ መምህራን፣ የቀበሌ ሹማምንት፣ እንዲሁም ልጃችሁ የት እንደ ተመደበ ገና ላልሰማችሁ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን እንላለን። ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ኔትወርክ ያለህ ለሌለው አንብብለት።

ይህን አዋጅ እንድናውጅ ግድ ያለን ነገር እንደሚከተለው ነው። በ1942 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት አስተዳዳሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመሠረት በ33 ተማሪዎች የተጀመረ ስለ ነበር፣ አንድ ሰው «እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ» ባለ ጊዜ «የትኛው?» ብሎ የሚመልስለት አልነበረም፤ ኩራቱም ተቀናቃኝ ስላልነበረው በሰላም ይኖር ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከ40 በላይ ሆኖ፣ ይህም ሁሉ በተከፈተበት ዘመን አንደኛ ትውልድ፣ ሁለተኛ ትውልድ፣ ሦስተኛ ትውልድ፣ አራተኛ ትውልድ እየተባለ ስለሚቈጠር፣ በዚያም ላይ የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ተብሎ ዳግመኛ ስለ ተከፈለ፣ የአንደኛው ትውልድ ልጅ የአራተኛውን ትውልድ ልጅ በሻይ ቤት ሲያገኘው ቍልቍል ያየዋል፤ የአራተኛውም ልጅ «እኛ ዘንድ ሊፍቱ ገና ከነላስቲኩ ነው» ብሎ ይመልስለታል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስም ክርክሩ አያልቅም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተነው፣ ከማንም ወገን ያልሆነው ምስኪን ነው።

ይህ ጠብ በእኛ ዘመን የተወለደ ነው የሚል ቢኖር፣ የአብነት ትምህርት ቤቱን ነገር አላጠናም። የቅኔው ተማሪ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እየተባለ፣ የጎንደሩም አቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት ሆኖ፣ እያንዳንዱ የመምህሩን ቤት ሲያወድስና የባልንጀራውን ሲነቅፍ ዘመናት አልፈዋል። ነገር ግን የዋሸራው ደቀ መዝሙር ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ የየመንደሩን ውሻ በዱላው እየመከተ በእግሩ የደረሰው ወደ መረጠው መምህር ስለ ነበር፣ የሚኮራበትን ነገር በገዛ ውስጥ እግሩ ያውቀው ነበር። እኛ ግን፣ ከላይ እንደ ገለጽነው፣ ሥዩማነ ምደባ ነን።

አንቀጽ አንድ፣ ስለ ምደባ። ዕጣው በትምህርት ሚኒስቴሩ እጅ መሆኑን እያወቀ ልቡን በአንደኛ ምርጫው ላይ አኑሮ የሰነበተ ልጅ፣ ሊማሊሞን ወጥቼ ደባርቅ፣ ቢበዛ ዳባትን አልፌ ጎንደር እገባለሁ ሲል ጂንካ ተመድቦ ቢገኝ፣ ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሆናል፤ አባቱ ጂንካ በየት በኩል እንደ ሆነች ሾፌር ሁሉ ይጠይቃል፤ እናቱ ዕንባዋን እየጠረገች በሶና ዳቦ ቆሎ ታሰናዳለች። ይህ ልጅ ግን ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ፣ ሽማግሌ ያጋባው ትዳር ሲሰምር እንደሚታየው ሁሉ፣ ያልመረጠውን አፍቅሮ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም በደረቱ አሳትሞ፣ በዋናው በር ፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ በስልኩ አንግሦ ይመለሳል። በአንጻሩ ከደቡብ ቆላ ወደ ደባርቅ የተላከው ልጅ፣ በነጠላ ጫማና በአንድ ቲሸርት ከአውቶቡስ ወርዶ የመጀመሪያዋን ሌሊት የጓደኛውን ብርድ ልብስ ሲጎትት ካነጋ በኋላ፣ በማግሥቱ ጋቢ ይገዛል፤ በዓመቱም «እኛ የምንማረው ከራስ ደጀን እግር ሥር ነው» እያለ ለወላጆቹ ይጽፋል። 4,533 ሜትር የሚረዝመው ራስ ደጀን ግን ከደባርቅ የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ይህንንም የሚነግረው አንድ የጂኦግራፊ ተማሪ እስኪያገኝ ድረስ ኩራቱ አይነካበትም።

ጉባኤያችን በዚህ ነገር እጅግ ተከራክሮ ሲያበቃ እንዲህ ወስኗል፦ በምደባ የተገኘ ፍቅር እውነተኛ ፍቅር ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ «ከመጀመሪያውም ምርጫዬ ነበር» ብሎ ቢናገር፣ ቅጹን አብሮት የሞላው ጓደኛው በመካከላችን ስላለ፣ በሐሰተኛ ምስክርነት ይጠየቃል።

አንቀጽ ሁለት፣ ኩራት ስለሚፈቀድበት ሥርዓት። ማንም ተማሪ በትምህርት ክፍሉ በአደባባይ ከመመካቱ አስቀድሞ፣ የሚማረውን ትምህርት አቦሉ ሲቀዳ ጀምሮ ለእናቱ ያስረዳ፤ እናቱም በረካው ሳይጠጣ ለጎረቤቷ መልሳ ካስረዳች ብቻ የመመካት ፈቃድ ይሰጠው። ይህ ድንጋጌ በግምት የተጻፈ አይደለም፤ ከጉባኤው አባላት በአንዱ ቤት የሆነው ነገር በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይገኛል። ልጁ በጎንደር ኸልዝ ኢንፎርማቲክስ የሚማር ሲሆን፣ እናቱ ቡናውን እየቀዱ፣ «ልጄ፣ መቼ ነው ማከም የምትጀምረው?» ብለው ጠየቁት።

«እማዬ፣ እኔ አላክምም። የጤና መረጃ ሥርዓት ነው የምማረው።»

«እኮ፣ ታዲያ ከጤናው ቤት ገብተህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሲስተም እንዘረጋለን፤ ዳታ እናደራጃለን።»

ጎረቤቲቱ ስኒዋን አስቀምጣ፣ በታላቅ ርኅራኄ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ከርሞ ወደ ማከሙ ያዛውሩት ይሆናል» አለች። ልጁ ፊቱ ቀልቶ አጎንብሶ ከቈየ በኋላ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ባለፈው ወገብሽን ያመመሽ ጊዜ ካርድሽ ጠፍቶ እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ አልተቀመጥሽም?» አላቸው።

«ተቀመጥሁ እንጂ! ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ! ኋላም አዲስ ካርድ አውጪ ተባልሁ፤ የበፊቱን መድኃኒት ስም ብጠየቅ ከየት አምጥቼ ልናገር?»

«ካርድ እንዳይጠፋ፣ የበፊቱ መድኃኒት ስሙ ከነመጠኑ ከሐኪሙ ፊት እንዲገኝ የሚያደርግ ነው ትምህርቴ።»

እናቱ ጀበናውን ከነማቶቱ ገፋ አድርገው፣ «ይኸን ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቀኸኝ ኖረሃል?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ በመንደሩ «የካርድ ሐኪም» ተብሎ ይጠራል፤ ጉባኤውም ይህ ማዕረግ ማንኛውም ሴኔት ሊሰጥ ከሚችለው የማያንስ መሆኑን ተገንዝቦ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል። የፍልስፍና ተማሪ የሆነው አባላችን ግን በዚህ አንቀጽ መሠረት ፈቃድ ለማግኘት ከሰኔ ጀምሮ ቡና ሲያስፈላ፣ እናቱ «ምን እንደሚማር እሱም እየጠየቀ ነው» ከማለት ስላላለፉ፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ክረምት ተላልፏል።

አንቀጽ ሦስት፣ ስለ ሕጋዊ ኩራት። የጎንደር ተማሪዎች ባቀረቡት ማመልከቻ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው የደንቢያ ወባ መቅሠፍት ገና በሰው ትዝታ ሳለ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና የማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ እንደ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድነት አሠልጥኖ፣ ሐኪም ወዳልደረሰበት ገጠር ጤና ጣቢያ በቡድን ይልክ እንደ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ለመባል እንደ በቃ ዘርዝረው አመልክተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ስለ ሆነ ተመዝግቧል። የዳባትም ነገር ተጨምሯል፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች መረጃ ሰብሳቢዎችን ከቤት ወደ ቤት እየላከ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያለ ሲመዘግብ ኖሯልና፣ አንዳንዱ የዳባት አባወራ የልጁን የልደት ዓመት ሲዘነጋ መዝጋቢው ያስታውሰዋል እስከ መባል ተደርሷል። እኛም ይህን ሰምተን፣ ጭቃ ረግጦ የሰውን ደጃፍ ከሚያንኳኳ ትምህርት የበለጠ ምን መመኪያ አለ ብለን ልናጸድቅ ስንነሣ፣ ማመልከቻውን ያነበበው ልጅ ዳባትን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ታሪኩን ጠቅሶ መመካት የተፈቀደ ቢሆንም፣ ተመኪው በዚያው መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ይውረድ ተብሎ ታዟል።

በዚሁ አንቀጽ ሥር የአዲስ አበባዎች፣ የዩኒቨርሲቲያቸው (ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው) ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያስተምሩ እንደ ነበር ጠቅሰው፣ የሚገባቸውን ክብር ጠይቀዋል። ክብሩ ለእነዚያ ተማሪዎች ተሰጥቷል። የዛሬዎቹ ግን በስድስት ኪሎ ከዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ፊት ለፊት የቆመውን፣ ፋሺስት በሥልጣን ዓመቱ ቍጥር የሠራውን፣ በኋላም የይሁዳ አንበሳ አናቱ ላይ የተቀመጠበትን፣ ወደ የትም የማያደርሰውን ደረጃ እንደ ማስረጃ በማቅረባቸው፣ ጉባኤው ለጊዜው ዝምታን መርጧል።

አንቀጽ አራት፣ ስለ ካፌ። በዚህ ጉዳይ ብቻ ሁሉም ተማሪ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ዝቅ፣ የባልንጀራውን ከፍ ለማድረግ ይሽቀዳደማል፤ የእኛ ሽሮ ሳህኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያስነብባል ያለ እንደ ሆነ፣ የእኛማ ወጡ ሲቀዳ ድምፁ ከዝናብ አይለይም የሚል ይነሣል፤ አሸናፊውም እጅግ የተራበው ነው። የጉባኤው ሊቃውንት ይህ የኩራት ዓይነት በየትኛው አንቀጽ እንደሚመደብ ሊስማሙ ስላልቻሉ፣ ነን ካፌ የሆኑ፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይበሉ አባላት በሌሉበት ዳግም እንዲታይ ተወስኖ ታልፏል።

አንቀጽ አምስት፣ ስለ ክልክል። ከጤና ክፍል አንደኛ ዓመት ሳይወጡ በጎረቤት አፍ «ዶክተር» መባልን አሜን ብሎ መቀበል፤ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሆኖ የአጎትን የድንበር ክርክር ይዞ ወረዳ ፍርድ ቤት መቆም፤ የቱሪዝም ተማሪ ሆኖ፣ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ በመጀመሪያው ረድፍ የገባውን የስሜንን ፓርክ በስላይድ ብቻ አጥንቶ፣ ዋሊያው ከየትኛው ገደል እንደሚውል፣ ጅብራው በምን ያህል ከፍታ እንደሚበቅል ጠንቅቆ ለሚያውቀው የፓርኩ ስካውትና በቅሎ ነጂ ስለ ቱሪዝም ማስተማር፤ ይህ ሁሉ ክልክል ነው። የመጨረሻው ጥፋት በተለይ ይከብዳል፤ ስካውቱ በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ «እሺ ጌታዬ» ይላልና፣ ያ «እሺ» ምን ያህል እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል።

የዕለት ኩራትን በተመለከተ፣ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ ከመቶ ሦስት ግድም ብቻ ግማሹን ነጥብ ማግኘቱ ስለሚታወቅ፣ ያለፈ ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ፈቃድ እንዲመካ፣ ቤተሰቡም ከአቅሙ በላይ እንዳይደግስ ተወስኗል፤ ግማሹን ነጥብ ሳያገኝ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚገባው የሬሜዲያል ተማሪ የሳምንቱን ግማሽ ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጥ፣ ጋውን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ፣ ሙክት አሳርዶ ፎቶግራፍ የተነሣ ተመራቂ፣ ውጤቱ እስኪገለጥ ድረስ ኩራቱን እንደ ተከራየው ጋውን ይቍጠረው፤ ጋውኑ በሰዓቱ ካልተመለሰ ቅጣት አለውና።

አንቀጽ ስድስት፣ ከአዋጁ ነጻ ስለ ሆኑ። በወረዳችን አጠገብ ያለው የዋልድባ ገዳም፣ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩት መናንያኑ ተምረን ጨረስን የሚሉበት ቀን ስለሌላቸው፣ የምረቃ በዓልም ስለማያውቁ፣ ይህ አዋጅ አይመለከተውም። ከአባሎቻችን አንዱ ለበረከት ሄዶ አንድ አባት ከወዴት እንደ መጣ ቢጠይቁት፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ትውልዱንና ደረጃውን አከታትሎ ነገራቸው፤ አባም «እግዚአብሔር ያስፈጽምህ» ብለው የውኃ ቅሉን አቀበሉትና ከምንጩ ሞልቶ እንዲመጣ ላኩት።

ይህን አዋጅ የጣሰ ሁሉ የጉባኤውን ሻይ ለአንድ ቀን ይከፍላል፤ ደጋግሞ የጣሰም ከነብስኩቱ። አዋጁ የሚጸናው ምደባ ከተገለጠበት ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ የምደባውን ድረ ገጽ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ስለሚዘጋ፣ ገጹ እስኪከፈት ያለው ጊዜ አይታሰብም።

ፊርማን በተመለከተ ግን ጉባኤው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዕድሜያቸው ይደርደሩ ሲባል የደባርቅና የጂንካ ልጆች ተቃወሙ፤ በርቀት ይሁን ሲባል ደባርቅ ከሁሉ በኋላ ሊቀር ሆነ፤ በፊደል ተራ ቢባል «ሀ»ን ያገኘው ሐዋሳ ነው ወይስ ሀሮማያ የሚል ሌላ ጠብ ተነሣ። በመጨረሻም ሁላችን በአንድ ላይ የተቀመጥንበትን፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነውን የአዲ አርቃይን ክፍል አስታውሰን፣ በዘጠነኛ ክፍል የስም ጥሪ ተራ እንድንፈርም ተስማማን። ተራ ቍጥር ሰባት እንደ ያኔው ዛሬም ቀርቷል፤ ሲመጣ ይፈርም።